ካሳው ለማን ደረሰ? ከዘረት ዋሻ እስከ ቆቃ ግድብ

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር መጨረሻ የማርሻል ባዶልዮ ጦር ከደሴ ተነስቶ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ በጣርማ በር አድርጎ ደብረ ብርሃን ገባ። መንዝን በስተቀኙ ትቶት ነው ያለፈው። ለቸኮለ ጦር እዚያ የሚያስቆም ነገር አልነበረም። ያ የተወው ደጋ ግን ለአምስት ዓመት እንቅልፍ የሚነሳው አገር ሆነ።

መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ በካርታ ሲያዩዋቸው ጎን ለጎን ናቸው፤ በእግር ለሚሄድ ግን በመካከላቸው ገደል አለ። ላዩ ገብስ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት፣ ሰው ባና ተከናንቦ የሚውልበት ብርዳም ሜዳ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ መሬቱ በድንገት ይከዳና ወደ ወንጪትና ወደ ጀማ ቆላ ይወርዳል። በገደሉ ወገብ ላይ ዋሻ አለ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ እህልና ከብት፣ ሽማግሌና ሕፃን የሚሸሸግበት።

አዲስ አበባ ስትያዝ የከተማዋ የፖሊስ አዛዥ የነበሩት አበበ አረጋይ ጥቂት ሰው አስከትለው ወደ ሰሜን ሸዋ ወጡ። ኃይለ ማርያም ማሞ ደግሞ ጠላት ገና ዋና ከተማው ሳይደርስ በጫጫ በኩል ተኩሰውበት ነበር። በመንዝ እነደጃዝማች አውራሪስ ዱሉ ተነሱ። አርበኛው ብቻውን አይንቀሳቀስም፤ ሚስት፣ ልጅ፣ ቁስለኛ፣ ካህን፣ አህያና ፍየል አብሮት ይጓዛል። ስንቅ የሚያዘጋጀው፣ ቁስል የሚያጥበው፣ ጥይት የሚሸከመው ይኸው ጓዝ ነው። የጣልያን አዛዦችም ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ለመረዳት ይህችን ነገር መያዝ ያስፈልጋል፤ በኋላ «ሽፍታ» ተብሎ በቴሌግራም የሚመዘገበው ሰው አብዛኛው ጠመንጃ ያልያዘ ነውና።

ኢጣልያ የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክለውን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ሰኔ 10 ቀን 1917 ዓ.ም. ፈርማ በ1920 ዓ.ም. አጽድቃለች። ቃሉ ስምንት ዓመት ሳይሞላው በተከዜ ሸለቆ ተበላ፤ በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር አውሮፕላኖቿ የሰናፍጭ ጋዝ፣ እነርሱ ኢፕሪት የሚሉትን፣ በኢትዮጵያ ጦር ላይ ጣሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለዚያ ዝናብ ተናገሩ። ሮም ካደች። ክህደቱ ስድሳ ዓመት ይቆያል።

በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣልያ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ የሆነውን ጭፍጨፋ አንባቢ ያውቀዋል። ወደ ሰሜን ሸዋ የመጣው በግንቦት ነው። ጄኔራል ማሌቲ ደብረ ሊባኖስን ከብቦ መነኮሳቱን ከአበ ምኔቱ ረዳት ጀምሮ ረሸነ፤ ግራዚያኒ ለሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መገደላቸውን ገለጸ። ዲያቆናቱ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው እንገጫ በሚባል ቦታ ተገደሉ፤ እርሱ የጻፈው ቁጥር 129 ነው። ጉዳዩን ለብዙ ዓመት ያጠናው ኢያን ካምቤል የጠቅላላውን ሙታን ቁጥር ከ1,423 እስከ 2,033 ያደርሰዋል። የቀረው ሰው ወደ እስር ተጋዘ። ከሞቃዲሾ በስተደቡብ ባለው የዳናኔ ካምፕ ስለታጎሩት ሰዎች አቶ ሚካኤል ተሰማ የተባሉ እስረኛ በኋላ በመሐላ ሲመሰክሩ፣ 6,500 ከሚሆኑት ውስጥ 3,175 መሞታቸውን ተናግረዋል። ከደጋ የመጣ ሰው በዚያ ሙቀት፣ በነቀዘ ምግብና በጨዋማ ውኃ መካከል እንዴት እንደሚያልቅ መገመት አያቅትም።

ይህን የ1929ን ጉዳይ ያነሳሁት ወረቀት ስለነበረው ነው። ቴሌግራሙ ተገኝቷል፣ ፊርማው የግራዚያኒ ነው፣ ምስክሮቹ አዲስ አበባ ገብተው ቃላቸውን ሰጥተዋል። በሁለት ዓመቱ በግሼ የተፈጸመው ግን ምስክር እያለው ጠያቂ፣ ወረቀት እያለው አንባቢ አጣ።

በ1930 ዓ.ም. ግራዚያኒ ተሽሮ የአኦስታው መስፍን አማዴኦ ተተካ። በመጻሕፍታችን ሳይቀር ስለ መስፍኑ ጨዋነት ብዙ ተጽፏል፤ ከግራዚያኒ አጠገብ የቆመ ሁሉ ጨዋ መምሰሉ አይቀርም። ጦሩን የሚያዝዘው ጄኔራል ኡጎ ካቫሌሮ ግን በዚያው ዓመትና በ1931 ዓ.ም. በመንዝ ላይ ሰፊ ዘመቻ ከፈተ። የሚፈለጉት አበበ አረጋይ ነበሩ። እርሳቸው በፍጥነት ቦታ እየቀያየሩ ከእጅ ሲያመልጡ የጓዙ ሰልፍ ወደ ኋላ ቀረ፤ በ1931 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ገደማ አውሮፕላን አየው። በተሾመ ሽንቁጥ የሚመራው ይህ ሰልፍ ወደ ግሼ ገደል ወርዶ ዘረት አጠገብ ካለው ዋሻ ገባ። የአካባቢው ሰው ዛሬ አመጸኛ ዋሻ ይለዋል።

ዋሻው ሰፊ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል፣ ውኃም አለው። እህል የሞላባቸው ጎታዎች ነበሩ። አንድ ማዕድ ቤት ያለው ሙሉ መንደር ወደ ዓለት ውስጥ ገባ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከፊት ለፊቱ ገደል ስላለ ጥቂት ጠመንጃ የያዘ ሰው በሩን ለረጅም ጊዜ ሊጠብቅ ይችላል። የጣልያን ጦር፣ በውስጡ ብዙ አስካሪ፣ ማለትም ከቅኝ ግዛት የተመለመለ ወታደር፣ ያለበት፣ በኮሎኔል ኦርላንዶ ሎሬንዚኒ ሥር ሆኖ ከበበው፤ ከከበባው መሪዎች አንዱ ሌተና ኮሎኔል ጀናሮ ሶራ ነበር። በእግረኛ ሞከሩ፣ አልሆነም። በመድፍ ሞከሩ፣ ዓለቱ አልተበገረም። ያን ጊዜ የሳቮያ ግሬናዴር ክፍለ ጦር የኬሚካል ጓድ ከአዲስ አበባ ተጠራ።

ቀኑን ልብ በሉት። መጋቢት 29 ቀን 1931 ዓ.ም. ስቅለት ነበር፤ በዚያ ዓመት የእኛም የጣልያኖቹም ፋሲካ በአንድ ቀን ውሏል። በዚያ ዓርብ የሙሶሊኒ ጦር አልባኒያን ወረረ፣ የዓለምም ጋዜጣ ዓይኑን ወደዚያ አዞረ። ሚያዝያ 1 ቀን፣ እሑድ፣ የትንሣኤ ዕለት፣ ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾመው በዋሻው ውስጥ በዓሉን በጠበቁት ሰዎች ላይ ጋዙ ወረደ።

የአሠራሩን ዝርዝር የምናውቀው ከጦሩ ሰነድና ከራሱ ከኬሚካል ጓዱ ባልደረባ ነው። አሌሳንድሮ ቦአሊዮ የተባለው ሳጅን ያየውን ጽፎ ትቷል፤ ጽሑፉ በ2002 ዓ.ም. በኢጣልያ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። ከአውሮፕላን የሚጣለው ትልቅ ቦምብ ለዋሻ አይመችም። ስለዚህ በውስጡ ያለውን ኢፕሪት በትናንሽ በርሜሎች ቀዱት። በርሜሎቹን ከዋሻው ራስ ላይ ከገደሉ አፋፍ በገመድ አሰሩና ወደ አፉ ትይዩ አወረዱ፤ ከዚያም በኤሌክትሪክ ሽቦ አፈነዱ። በዚያው ሰዓት መድፈኞቹ አርሲን የተባለ የአርሴኒክ ጋዝ የያዙ ጥይቶችን ወደ ውስጥ ተኮሱ።

የሰናፍጭ ጋዝ ጋዝ ይባል እንጂ ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ነው። እንደ ጢስ ነፍሶ አይሄድም። በብርድ ቦታ ቀስ ብሎ ስለሚተን በዓለቱ፣ በልብሱ፣ በእህሉና በውኃው ላይ ተጣብቆ ይሰነብታል። የነካው ሰው መጀመሪያ ምንም አይሰማውም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ዓይኑ ይቃጠላል፣ ቆዳው ውኃ ይቋጥራል፣ ጉሮሮውና ሳንባው ይላጣል። ወዲያው ያልሞተ ሰው በቀናት ወይም በሳምንታት ሊሞት ይችላል፤ የተረፈውም ሳልና የዓይን ሕመም ዕድሜውን ሁሉ ይከተለዋል። ዋሻ ውስጥ፣ ሌላ ውኃ በሌለበት፣ ሕፃን ታቅፎ ይህን መቀበል ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ ባልዘረዝር ይሻላል።

በዚያ ሌሊት ተሾመ ሽንቁጥ ጥቂት ሰዎች ይዞ ከበባውን ሰብሮ አመለጠ። የቀሩት ሚያዝያ 3 ቀን ንጋት ላይ እየወጡ እጃቸውን ሰጡ። ሴቶችና ሕፃናት ወደ አንድ ወገን ተለዩ። ወንዶቹ በቡድን በቡድን ወደ ገደሉ ጫፍ ተወስደው ተረሸኑ፤ ሬሳቸው ወደ ታች ወደቀ። የተረሸኑት ወደ 800 ይጠጋሉ። በዋሻው ውስጥ በጋዝ የሞቱት፣ ከወጡም በኋላ በቁስሉ ያለቁት ሴቶችና ሕፃናት ሲታከሉ አንዳንድ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ከሺህ በላይ ያደርሱታል። ለዋናው መሥሪያ ቤት የተላከው ሪፖርት የጻፈው ስለ ዘመቻ መሳካት ነው።

ከዚህ ሁለት ዓመት አልፎ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልሱ ሕዝቡን አሳሰቡ። ቃሉ የሚደነቅ ነው፤ ብዙ የጣልያን ሲቪል ነፍስም አትርፏል። አበበ አረጋይ ራስ ተብለው ሚኒስትር ሆኑ፣ አርበኞች ሜዳልያ ተሰጣቸው፣ ከፊሎቹም መሬት አገኙ። ሜዳልያ ለተዋጊ ነው። ጠመንጃ ሳይዝ ዋሻ የገባ፣ ባሏን በገደል ጫፍ ያጣች፣ ዓይኑ በኢፕሪት የፈዘዘ ሰው ግን የሚመዘገብበት ደብተር አልነበረም።

ፍትሕ የተፈለገው በውጭ ነው፤ መንገዱም ጠባብ ነበር። በ1936 ዓ.ም. በለንደን የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ሲቋቋም ኢትዮጵያ አልተጋበዘችም። የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የ1928ቱን ጦርነት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለይቶ ለማስቀረት ብዙ ደከመ፤ ባዶልዮ ሙሶሊኒን ተክቶ ከተባባሪዎቹ ጋር የታረቀ ሰው ነበርና እርሱን ለገመድ ማቅረብ አልተመቸውም። ኢትዮጵያ ግን አልተወችውም። በ1938 ዓ.ም. የራሷን የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቋቋመች፤ ስዊድናዊው ሕግ አዋቂ ባሮን ኤሪክ ሌዮንሁፍቩድ ሰነዱን በማዘጋጀት ረዳ። ቴሌግራሞች ተሰበሰቡ፣ የመሐላ ቃሎች ተጻፉ።

በመጨረሻ የለንደኑ ኮሚሽን ሊዘጋ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ በ1940 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ አሥር ስም አቀረበች። ባዶልዮ፣ ግራዚያኒ፣ ሌሶና፣ ኮርቴዜ፣ ናዚ፣ ፒርዚዮ ቢሮሊ፣ ጀሎዞ፣ ጋሊና፣ ትራኪያና ቼሩሊ ነበሩ። ናዚ ያልኩት ጄኔራሉን ጉሊዬልሞ ናዚን ነው እንጂ የሂትለርን ፓርቲ አይደለም። ኮሚሽኑ ማስረጃውን አይቶ ስምንቱን የሚከሰሱ ብሎ መዘገበ። ከአሥሩ አንዱም በዘረት ከበባ ላይ አልነበረም። የአኦስታው መስፍን በ1934 ዓ.ም. በናይሮቢ በምርኮ ሞቷል፤ ካቫሌሮ በ1936 ዓ.ም. መባቻ ሞቷል፤ ሎሬንዚኒ በ1933 ዓ.ም. ከረን ላይ ወድቆ የወርቅ ሜዳልያ ተሸልሟል። ክሱ የተመሠረተው በእጅ ባለ ወረቀት ላይ ነው፤ የዘረት ወረቀት ደግሞ በሮም የጦር ሠራዊቱ መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ነበር።

በኢጣልያና በአሸናፊዎቹ መካከል የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል በአንቀጽ 45 ኢጣልያ በጦር ወንጀል የሚፈለጉትን ይዛ እንድታስረክብ ያዝዛል። አንድም ሰው አልተሰጠም። ኢትዮጵያ በ1942 ዓ.ም. መጀመሪያ ባዶልዮና ግራዚያኒ እንዲሰጧት ለንደንን ጠየቀች፤ ለንደን ከኢጣልያ ጋር ተነጋገሩ አለቻት። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባና ሮም የዲፕሎማሲ ግንኙነት አልነበራቸውም። ግራዚያኒ በዚያው ዓመት በአገሩ ፍርድ ቤት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ 19 ዓመት ተፈረደበት፣ በጥቂት ወራት ተፈታ፣ በ1947 ዓ.ም. በአልጋው ላይ ሞተ። ስለ ኢትዮጵያ አንድም ቀን አልተጠየቀም።

የካሳው ነገር ከወንጀሉ ይልቅ ተራምዷል። ኢትዮጵያ ለፓሪሱ ጉባኤ ባቀረበችው የጥፋት ዝርዝር 760,300 ሰው መሞቱን ጻፈች፤ ከዚህ ውስጥ 24,000ው በጊዜያዊ ችሎት የተገደሉ፣ 35,000ው በእስር ካምፕ ያለቁ፣ 78,500ው በወረራው ዘመን የወደቁ አርበኞች ናቸው። 525,000 ቤትና 2,000 ቤተ ክርስቲያን ወድሟል። ጠቅላላ ጥያቄው ወደ 185 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ውሉ የፈቀደው 25 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለማነጻጸር፣ ለዩጎዝላቪያ 125 ሚሊዮን፣ ለግሪክ 105 ሚሊዮን፣ ለሶቪየት ኅብረት 100 ሚሊዮን ተወሰነ፤ ያች በስቅለት ዕለት የተወረረችው አልባኒያ 5 ሚሊዮን አገኘች።

የተወሰነውም በቀላሉ አልተከፈለም። ዘጠኝ ዓመት ከተጓተተ በኋላ የካቲት 26 ቀን 1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ 16.3 ሚሊዮን ዶላር ግድም። የስምምነቱ ርእስ ከሰላም ውሉ የመነጩ የኢኮኖሚና የገንዘብ ጉዳዮችን ስለ መጨረስና ስለ ኢኮኖሚ ትብብር ይናገራል። በሰሜን ሸዋ ደም ሲደርቅ የገዳዩ ወገን በሽማግሌ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ያምናል፤ ካሳው የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ግን ገንዘቡ መጣ፣ የሚያምን ሰው አልመጣም።

በገንዘቡ የቆቃ ግድብ ተሠራ። የሠሩትም የጣልያን ተቋራጮች ናቸው፤ ስለዚህ ካሳው በከፊል ዞሮ ወደ ከፋዩ አገር ተመልሷል ማለት ይቻላል። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ 43 ሜጋዋት ኃይል ማመንጨት ጀመረ። አገር ጠቅሟል፤ ለአዲስ አበባ ፋብሪካዎች፣ ለወንጂ አካባቢ የሸንኮራ እርሻ ከጎርፍ መዳን ትልቅ ነገር ነበር። ይህን ማቃለል አልፈልግም። ግን ቆቃ ያለው አዋሽ ላይ ነው። የግሼና የመርሐቤቴ ውኃ በወንጪትና በጀማ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከዘረት ዋሻ የተረፈች ሴት በ1952 ዓ.ም. በሕይወት ብትኖርም፣ በስሟ የተቆጠረው ካሳ ለእርሷ አንድ ኩራዝ እንኳ አላበራላትም። መንግሥት ስለ ዜጋው ይቀበላል፤ ለዜጋው ያካፍላል የሚል ግዴታ ግን በውሉ ውስጥ አልተጻፈም ነበር።

ከዚህ በኋላ ረጅም ዝምታ ነው። ዋሻው ባለበት ቆየ፤ ሰውም አይዳፈረውም።

በመካከሉ ሌላ ግፍ መጣ። ደርግ በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የራስ ብሩ ልጆች መስፍንና መርዕድ በመንዝ ሸፈቱ፤ አገሬው እንደገና በወታደርና በአሰሳ መካከል ወደቀ። ቀጥሎ ቀይ ሽብር በከተማ ቀበሌዎች ምድር ቤቶች ውስጥ ወፌ ላላ የሚባለውን ግርፋት አነገሠ። ይህን ክር እዚሁ ልጨርሰው። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ 5,198 ሰዎችን ከሰሰ፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ። ተጎጂው በችሎቱ ላይ ምስክር ነበር፤ የሚፈረደው ቅጣት እንጂ ካሳ አልነበረም። ገንዘብ የተፈረደው በአሜሪካ ነው። በአትላንታ ሆቴል የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት በ1981 ዓ.ም. ገደማ እዚያው ሆቴል ሲሠራ ያየችው ሰው ያሰቃያት የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር ቀልቤሳ ነገዎ ሆኖ ተገኘ። እርሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች በአንድ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሕግ ከሰሱት፤ ፍርድ ቤቱ በ1985 ዓ.ም. ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ወሰነላቸው። የሆቴል ሠራተኛ ይህን ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ሴቶቹ ግን ለገንዘቡ ብቻ አልከሰሱም፤ ፊት ለፊቱ ቆመው ያደረገውን ተናገሩ። ሰውየው በ1999 ዓ.ም. ተባርሮ መጥቶ በሌለበት የተፈረደበትን የዕድሜ ልክ እስራት ጀመረ። መንግሥት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አሁን ካሳን በስሙ ጠርቶ አስገብቷል፤ የአማራ ክልል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና በጦርነት ውስጥ እያለ የወጣ ፖሊሲ መሆኑ ግን ምስክር ለመሰብሰብ የሚመች ጊዜ አላደረገውም።

ወደ ዘረት ልመለስ። የጣልያኑ ታሪክ ጸሐፊ አንጀሎ ዴል ቦካ ስለ መርዝ ጋዙ ለሠላሳ ዓመት ሲጽፍ የቆዩ ዘማቾች ውሸታም ይሉት ነበር። በ1988 ዓ.ም. የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስትር ዶሜኒኮ ኮርቾኔ በፓርላማ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን አመኑ። መዝገብ ቤቱም ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ተከፈተ። ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ወጣት ተመራማሪ በሮም የጦር ሠራዊቱን የታሪክ ክፍል ሰነዶች ሲያገላብጥ የዘረትን ከበባ ሪፖርቶች አገኘ። በ1998 ዓ.ም. ከኢትዮጵያዊው የአርኪዎሎጂ ባለሙያ ዮናታን ሳህሌ ጋር ወደ ግሼ ወርዶ ዋሻውን አየው። የአገሬው ሰው ቦታውን ለማሳየት አልተቸገረም፤ ለእርሱ የጠፋ ነገር አልነበረምና። ቆየት ብሎ አልፍሬዶ ጎንሳሌስ ሩይባል የሚመራው የስፔን ቡድን ከዮናታን ጋር ተመልሶ ዋሻውን አጠና። የእህል ጎታ፣ የሸክላ ስብርባሪ፣ የልዩ ልዩ ጠመንጃ ቀለህና የሰው አጥንት አገኙ። የጓዙ ሰዎች ከቤታቸው ይዘውት የወጡት ዕቃ ሁሉ በወደቀበት ነበር።

በኢጣልያ ጉዳዩ ጥቂት ሰው አናወጠ። ጀናሮ ሶራ በ1920 ዓ.ም. በሰሜን ዋልታ አካባቢ የወደቀችውን የኖቢሌን የአየር መርከብ ሰዎች ለመፈለግ በበረዶ ላይ የዘመተ፣ በቤርጋሞ ወገኖቹ ዘንድ የሚወደድ ጀግና ነው፤ ስሙ ከዘረት ጋር ሲነሳ አድናቂዎቹ ተቆጡ። ክርክሩ በጋዜጣ ተካሄደ። ከግሼ የሚሰማ ድምፅ አልነበረበትም። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ደግሞ በአፊሌ መንደር በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተመረቀ፤ በአቶ ኪዳኔ ዓለማየሁ የሚመራው ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጉዳይ ኅብረት ከሚቃወሙት አንዱ ሆኖ ወጣ።

እንግዲህ ሌሎች ምን አገኙ? በነሐሴ 2000 ዓ.ም. የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤርሉስኮኒ ቤንጋዚ ሄደው ለሊቢያ ስለ ቅኝ አገዛዙ ይቅርታ ጠይቀው 5 ቢሊዮን ዶላር በመሠረተ ልማት ለመክፈል ፈረሙ፤ በዚያው ሳምንት የአክሱም ሐውልት ቆሞ ተመረቀ። ሊቢያ ነዳጅ አላት፣ ወደ ኢጣልያ የሚሻገረውንም ስደተኛ የማስቆም ኃይል ነበራት። በግንቦት 2005 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት በማው ማው ዘመን በካምፕ ለተሰቃዩ 5,228 ኬንያውያን 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። የኬንያውያኑ ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ ትምህርት አለው፤ ከሳሾቹ በሕይወት ነበሩ፣ ጠበቃ ነበራቸው፣ የእንግሊዝ መንግሥትም ደብቆት የነበረ መዝገብ በክሱ ምክንያት ወጣ። ገንዘቡ ግድብ አልሆነም፤ በእያንዳንዱ ሽማግሌና አሮጊት ስም ተከፈለ። የዘረት ወረቀት ሲገኝ ግን ከግድያው 67 ዓመት አልፎ ነበር፤ በትንሣኤ ዕለት የታቀፈ ሕፃን እንኳ ወደ ሰባ ዓመት ተጠግቶ ነበር።

የመጨረሻው ነገር ከኢጣልያ ፍርድ ቤቶች የመጣ ነው፤ ይህን ብዙ የአገራችን ሰው አልሰማውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች ወደ ግዳጅ ሥራ ያጋዙት ሉዊጂ ፌሪኒ የተባለ ጣልያናዊ ጀርመንን በአገሩ ከሰሰ፤ በ1996 ዓ.ም. የኢጣልያ ሰበር ችሎት ከባድ ወንጀል ሲሆን የመንግሥት የመከሰስ መብት ጥበቃ አያግድም ብሎ ፈረደለት። ሌሎች ከሳሾች ተከተሉ። ጀርመን በሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተከራክራ በጥር 2004 ዓ.ም. ረታች። የኢጣልያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ግን በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ተጎጂ ፍርድ ቤት እንዳይሄድ መከልከል አይቻልም አለ። ክሱ በበረታ ጊዜ የኢጣልያ መንግሥት በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በአዋጅ የራሱን ፈንድ አቋቁሞ ከ50 ሚሊዮን ዩሮ በላይ መደበ። ከዚያ የሚከፈለው የሂትለር ሠራዊት በኢጣልያ ምድር ወይም በጣልያን ዜጎች ላይ ከነሐሴ 26 ቀን 1931 እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ለፈጸመው ግፍ ነው፤ የሟች ወራሾችም ያመለክታሉ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በግሼ ላይ ኢጣልያ ራሷ ለፈጸመችው እስካሁን ማመልከቻ የሚቀበል መስኮት አልተከፈተም።